ከራሴ የፈጠርኳት ሙሽራ

ጥያቄዬን ገና ከመጨረሴ፣ እትዬ አስናቀች የሰጠኋቸውን የሙከራ ስልክ መልሰው ወደ እኔ ገፉትና «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ዘመሮ የምትባል የደጋ ከተማ ነን... ዓቢይ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። እኔ ከአዲስ አበባ ነው የሄድኩት። ሥራዬ አንድ የስልክ አገልግሎት ወደ ሕዝብ ከመውጣቱ በፊት የሚገለገሉበትን ሰዎች ቀርቤ መጠየቅ፣ ሲሞክሩት ማየት፣ የከበዳቸውን ማስተካከል ነው። ያኔ የያዝነው፣ አንዲት ልጅ ያለዕድሜዋ ልትዳር መሆኑን የሰማ ሰው በአጭር ቁጥር ደውሎ የሚጠቁምበት አገልግሎት ነበር። በነፃ ይደወላል፣ በአማርኛ ያናግራል፣ የደዋዩን ስም አይጠይቅም። ጥሩ አድርገን ሠርተነዋል ብዬ በሙሉ ልብ ነበር የሄድኩት።

አዳራሽ ለሰበሰብናቸው ሴቶች ለሙከራው የሚሆን ታሪክ ፈጠርኩና ከእትዬ አስናቀች ጀመርኩ። «ብርቱካን የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። አባቷ ራቤል ከተማ ላለ ሰው ሊድራት ቃል ገብቷል። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። እርስዎ ይህን ሰሙ። እስኪ በዚህ ስልክ ይጠቁሙ።»

ብርቱካንን ከራሴ ነው ያመጣኋት። ራቤልንም የመረጥኩት ጠዋት መናኸሪያ ረዳቱ «ራቤል! ራቤል!» እያለ ሲጣራ ስለሰማሁ ነው።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ ደግመው።

«ኧረ ማንም አልነገረኝም እትዬ፤ ምሳሌ ነው» አልኩ እየሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። ሲፈትሉት የነበረውን የበግ ፀጉር ሰበሰቡና «አሞኛል» ብለው ወጡ። የቀሩት ሴቶች ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ባልደረባዬ ዳዊት «ስልኩ ከብዷቸው ይሆን?» አለኝ በሹክሹክታ። ስልክ የከበደው ሰው ግን እንደዚያ ፊቱ አይለወጥም... ተከትያቸው ወጣሁ።

ከአዳራሹ ጀርባ የድንጋይ ካቡን ተጠግተው ቆመዋል።

«የወንድሜ ልጅ ናት» አሉኝ። «ስሟ ብርቱካን አይደለም እንጂ ሌላው ሁሉ እሷው ናት። ራቤሉም፣ ዳግማይ ትንሣኤውም።»

«ታዲያ ለምን አይደውሉም? ስምዎን እኮ አይጠይቅም።»

«ባይጠይቅስ? ከወንድሜ ሌላ፣ ሙሽራዋ እሷ መሆኗን የምናውቅ እኔና ሚስቱ ብቻ ነን። ፖሊስ ደጁ የቆመ ዕለት ማን እንደተናገረ ሊጠፋው ነው? አጥራችን አንድ ነው ልጄ። ስታመም የሚሸከመኝ፣ ስሞት የሚቀብረኝ እሱ ነው።»

ስም አለመጠየቁ እኮ ዋናው መኩሪያችን ነበር! ከዚያ ሁልጊዜ ሥራዬ ላይ የምጠይቀውን ጠየቅኳቸው። «ስልክ የሚባል ነገር ባይኖርስ፣ ለማን ይናገሩ ነበር?»

ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰዱም። «ለንስሐ አባቱ፣ ለቄስ ወልደ ጊዮርጊስ። ወንድሜ ከመንግሥት ጋር ይከራከራል፤ ከእሳቸው ጋር አይከራከርም። ግን እሳቸው ቤት ስገባ የሚያየኝ አይጠፋም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ከሰዓት እሳቸውን ታነጋግሪ የለም?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ያንኑ ምሳሌሽን ንገሪያቸው። አንዲት ቃል እንዳትቀይሪ።»

«እነግራቸዋለሁ። ግን እትዬ፣ ነገሩ ካልቆመ አውቄ ዝም ብዬ አልሄድም። ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት እኔው በራሴ ስም እናገራለሁ።»

«በስምሽ ከሆነማ እሰየው!»

ከሰዓት ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ መጡ። ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ስልኩን ሰጠኋቸውና ታሪኩን እንዳለ ነገርኳቸው። ራቤል ላይ ስደርስ ሲያወዛውዙት የነበረውን ጭራ ቀጥ አደረጉት።

«ራቤል ነው ያልሽው?»

«አዎ አባቴ።»

«ለዳግማይ ትንሣኤ? የሰባተኛ ክፍል ልጅ?»

«አዎ።»

«በስመ አብ...» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ያ ሰው እኔን እኮ የምትዳረው ታላቂቱ ልጄ ናት ብሎኝ ነበር።»

መቋሚያቸውን አንስተው ተነሡ። «ስልካችሁን ሌላ ቀን እሞክረዋለሁ» ብለውን ወጡ። ዳዊት ነገሩን ስላልሰማ «ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው? የሚሞክርልን ሰው አጣን እኮ!» እያለ ያማርራል።

የሆነውን በኋላ ገበያ ላይ ያገኘኋቸው እትዬ አስናቀች ናቸው የነገሩኝ። ቄሱ በቀጥታ የእትዬ አስናቀች ወንድም ቤት ገቡ። «ታናሺቱን ከዳርክ ደጅህን አልረግጥም። ሌላ የንስሐ አባት ፈልግ» አሉት። ሰውየው መጀመሪያ ጮኸ፣ ካደ... አድሮ ግን ራሱ ከቄሱ ጋር ራቤል ወርዶ ቃሉን መለሰ። «ለመሆኑ ማን ነገረዎት?» ሲላቸው «የአዲስ አበባ ሰዎች ምሳሌ ሲያወሩ ሰማሁ» አሉት። ውሸት የለበትም።

እኔም ልጅቷ ትምህርቷ ላይ መቆየቷን በቅርብ እንድትከታተል ለጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አደራ ብዬ፣ ስሜንና ስልኬን ሰጥቻት ነው የተመለስኩት።

አገልግሎቱን አልጣልነውም፤ ለወጥነው። አሁን የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ቤተሰብ የማንን ቃል ይሰማል?» ተብሎ ነው። አስቸኳይ ካልሆነ በቀር፣ ለዚያ ሰው የምንነግረው እኛ ነን። ወሬው ከጎረቤት ወጣ አይባልም።

አዲሱን ይዤ ዘመሮ ተመልሼ ነበር። እትዬ አስናቀች ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሞከሩት።

«አሁንስ ከበደዎት?» አልኳቸው።

«መደወሉማ ያኔም አልከበደኝም ልጄ... ደውሎ ጎረቤት ሆኖ መኖሩ ነው እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው «አገልግሎታችን እኮ በጣም ቀላል ነው» ሲለኝ፣ «ከደወሉ በማግሥቱስ?» ነው የምለው።