ካውያው ይለፍ

አክስቴ ቁልፍ ትሰፋለች። ሌላ ሰው ቁልፍ ሲሰፋ መርፌውን ያያል፣ ክሩን ያያል፣ ቀዳዳውን ይፈልጋል። እሷ አታይም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ፣ ጆሮዋ ወሬው ላይ ሆኖ ጣቶቿ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ሸሚዙ ከጭኗ ሲነሳ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ቁልፍ ለብሶ ይነሳል። ዛሬም ሳየው እደነቃለሁ። በስፌት ቤቱ «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። ትምህርት ያቆመችው ከሁለተኛ ክፍል ነው። «እኔ ትምህርት ቤቱን ተውኩት፣ ፊደሉም ተቀይሞ ጥሎኝ ሄደ» ትላለች።

ያኔ እኔም የምውልበት ስፌት ቤት አንድ ረጅም ክፍል ነው። በበሩ በኩል የስፌት መኪናዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። መሀል ላይ የቆራጩ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ማዶ፣ አክስቴ ከምትቀመጥበት መስኮት አጠገብ፣ ትልቁ የእንፋሎት ካውያ ይገኛል። ቆራጩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ጠዋት ጨርቁን ቆርጠው ይጨርሱና ከሰዓት በኋላ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ለሠራተኛው ያነባሉ። ጋዜጣ ሲገኝ ጋዜጣ ነው፤ ሳይገኝ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ወፍራም መጽሐፍ።

የመኪናዎቹን ጉርምርምታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያሸንፉታል። ካውያውን ግን አይችሉትም። ባለካውያዋ ፔዳሉን ስትረግጥ እንፋሎቱ ፍሽሽ ብሎ ይወጣና ቃሉን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ ጋሼ ጣታቸውን መስመሩ ላይ ተክለው «ቆይ፣ ካውያው ይለፍ» ይላሉ። ያልፋል። ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ልማዱ መቼ እንደጀመረ የሚያስታውስ የለም።

መጽሐፉ ብዙ ሳይማሩ አገር ስለመሩ ሰዎች ነው። አንዱ ጫማ ሰፊ ነበር፤ አንዱ የወታደሮች ምግብ አብሳይ፤ አንዷ ዓሣ ሻጭ። አክስቴ የሁሉንም ታሪክ በቃሏ ይዛዋለች፤ ጎረቤቶቿ የሆኑ ይመስል ታማቸዋለች።

«ያ ጫማ ሰፊው ጨዋ ሰው ነበር» አለችኝ አንድ ቀን ራት ስንበላ። «ምግብ አብሳዩ ግን መጨረሻው አላማረም። አማካሪዎቹን አንድ በአንድ አባረራቸው።»

«ስላልተማረ ነዋ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አይደለም የኔ ልጅ። መጀመሪያ ላይ የማያውቀውን ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ ያኔ ጥሩ መራ። ኋላ መጠየቅ አሳፈረው። የተበላሸው ያን ጊዜ ነው።»

አክስቴ እንዲህ በደንብ የምታውቀው ነገር ራሷን እንደሚፈትናት ያኔ አልገባኝም።

የአገሪቱ የልብስ ሠራተኞች ማህበር አዲስ ሊቀመንበር ሊመርጥ ነው ተባለ። የእኛ ስፌት ቤት ሠራተኞች እሷን እጩ አደረጉ። ምክንያት ነበራቸው። ያ መስኮት ድሮ አልነበረም፤ ባለካውያዋ በሙቀት ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ አክስቴ አለቃውን ሌት ተቀን ነዝንዛ ነው ግድግዳው የተፈነቀለው። ከዚያ በኋላ በየስፌት ቤቱ እየዞረች ስትጠይቅ፣ መስኮት በሌለው ክፍል የሚተኩሱ ሴቶች ስንትና ስንት እንደሆኑ ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ሊቀመንበር መሆን የፈለገችው ለዚህ ነው።

«ጋሼ፣ ከመጽሐፉ ሰዎች ውስጥ ቁልፍ ሰፊ አለች?» አለች ባለካውያዋ።

ሽማግሌው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «የለችም።»

«እንግዲያ ቦታው ክፍት ነው!»

ሳቁ ሲበርድ ጋሼ የምርጫውን ደንብ ነገሯት። እያንዳንዱ እጩ ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በጉባኤው ፊት ራሱ ያነባል። የአክስቴ መርፌ ቆመ። መርፌዋ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማንበብ አልችልም በያቸው፣ ምን አለበት?» አሉ ጋሼ።

«እንዴ ጋሼ! ሌላው እጩ ኮሌጅ የጨረሰ ነው። እኔ ቆሜ ‹ፊደል አላውቅም› ልበል? የት ልገባ ነው? በቃሌ እይዘዋለሁ፤ ማንም አያውቅም።»

እሷ ተናገረች፣ ጋሼ ጻፉ። ከዚያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ መጽሐፉ ተቀምጦ፣ የእሷ ንግግር ይነበብ ጀመር። እሷም ቁልፍ እየሰፋች ትከተላለች። ጥቂት ሲቆይ ጋሼ ዝም አሉና እሷ ብቻዋን ትለው ጀመር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትሳሳት ስትወጣው መኪናዎቹ ሁሉ ቆመው አጨበጨቡላት። ካውያው ብቻ ሥራውን ይሠራ ነበር።

የጉባኤው አዳራሽ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ድምፅ እንደ ወፍ ይዞርበታል። እኔ ከኋላ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ኮሌጅ የጨረሰው ወጣት አነበበ። የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ከዚያ አክስቴ ወጣች። ወረቀቱን ዘርግታ ያዘች፤ ዓይኗን በመስመሮቹ ላይ እንዴት እንደምታንሸራትት ተለማምዳለች።

«እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስለ መስኮት ላወራችሁ መጥቻለሁ» አለች። «ካውያ ባለበት ክፍል ሁሉ መስኮት ይኑር። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትተኩስ ሴት፣ ቆይ፣ ካውያው ይለፍ፣ የምትተኩስ ሴት ንጹሕ አየር ይገባታል።»

ጋሼ ክንዴን ጨበጡኝ። በስፌት ቤቱ ስትለማመድ ይህን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ካውያው እውነትም እየጮኸ ስለነበር ለእሱ የቆመች መስሎን ነበር። ለካ ጋሼ መሀል ላይ ያሉትን ሁሉ ከንግግሩ ጋር አብራ ሸምድዳዋለች።

እሷ አልታወቃትም፤ ቀጠለች። «ማህበራችን ደግሞ፣ ቆይ፣ ካውያው ይለፍ...»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «እትዬ፣ ካውያው የታለ?» አለ አንዱ።

አክስቴ ወደ ቀኝ ዞር ብላ አየች፤ ስፌት ቤት ብትሆን ካውያው በዚያ በኩል ነው። እዚህ አንድ የውሃ ማሰሮ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ገባት።

አስመራጩ ማይክሮፎኑን ሳብ አደረጉ። «እህቴ፣ ያልሽው ጽሑፉ ላይ አለ?»

አዎ ብትል ወይም በቀልድ ብታልፈው ታመልጥ ነበር። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያን ምግብ አብሳይ እያሰበች እንደነበር ኋላ ነግራኛለች።

«መኖሩን አላውቅም» አለች። «ማንበብ አልችልም። ሐሳቡ የራሴ ነው፤ ጋሼ ጻፉልኝ፣ መልሰው አነበቡልኝ፣ ካውያው መሀል እየገባ ሲያቋርጣቸው እሱንም አብሬ ያዝኩት። ልደብቃችሁ ነበር። አፍሬ ነው።»

ወጣቱ እጩ እጁን አነሳ። ደንቡን ይጠቅሳል ብለን ጠበቅን።

«አንድ ነገር ልጠይቃት» አለ። «ብትመረጪ ውል ይመጣልሻል። ምን ላይ እንደምትፈርሚ በምን ታውቂያለሽ?»

«ሁለት ሰው ለየብቻ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ» አለች ወዲያው። «ሁለቱ የተለያየ ነገር ካነበቡልኝ አልፈርምም። ያልገባኝን እጠይቃለሁ። አንተንም እጠይቅሃለሁ፣ ካልተቆጣህ።»

ወጣቱ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከመሀል አንዲት ሴት ተነስታ «የእኛ ካውያ ክፍል መስኮት የለውም! ትጨርስ!» ብላ ጮኸች። «ትጨርስ! ትጨርስ!» ተባለ። አስመራጮቹ ተመካከሩና ትጨርስ የሚል እጁን እንዲያወጣ ቤቱን ጠየቁ። የእጁ ብዛት!

አክስቴ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተች። የቀረውን፣ ካውያው በገባበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ትንፋሽ እየወሰደች፣ ጨረሰችው። በሰማሁት ግጥም ሁሉ ውስጥ እንኳ እንደዚያ ያለ ዕረፍት ሰምቼ አላውቅም።

በጠባብ ልዩነት ተመረጠች። ወጣቱ መጥቶ ጨበጣት። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አልመረጥኩሽም።»

«ይህቺን ማወቅ መቼ ያቅተኛል፣ ፊትህ ላይ ተጽፎ! ይልቅ ማክሰኞ ወደ ስፌት ቤት ብቅ በል። ፊደል ታስቆጥረኛለህ።»

መጣ። በየማክሰኞው ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን «ልጅ ሆነሽ የት ነበርሽ?» ብሎ ሲቀልድባት «አንተን ስጠብቅ» አለችው።

ባለፈው ሳምንት ስፌት ቤቱ ጎራ ብዬ ነበር። ሊቀመንበሯ የማህበሩ ሥራ በማይኖርባት ቀን ዛሬም ቁልፍ ትሰፋለች። ያን ቀን ግን ሸሚዙን አስቀምጣ፣ ያን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ነበር።

«ጫ... ማ... ሰፊው...» አለች ጮክ ብላ።

ባለካውያዋ እግሯን ወደ ፔዳሉ ሰድዳ ነበር። ጋሼ ከልማዳቸው የተነሳ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉት። ባለካውያዋ እግሯን መለሰች። ካውያውን ወደ ላይ አንስታ ያዘችው፤ ትንሽ እንፋሎት ብቻውን ተነስቶ በመስኮቱ ወጣ።

«ቀጥይ፣ እትዬ» አለች።