በማግኔቱ ክፍል በር ላይ የወጣው መርዶ

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ግራ እጁ መወርወሪያውን መጣል ጀመረ። እርጅና ነው ብለን ተውነው። ቀጥሎ ራስ ምታቱ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ጫማውን ማሰር አቅቶት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሐኪሙ ጭንቅላቱን ኤም አር አይ እንዲነሳ አዘዘ።

እኔ እዚያው ጉለሌ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለዚህ ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

«ምንም አያምም አባዬ» አልኩት። «ሰውነትህ ውስጥ ባለው ውሃ ፕሮቶን የሚባሉ በጣም ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ስፒን የሚባል ጠባይ ስላላቸው እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ማግኔት ናቸው። ትልቁ ማግኔት ውስጥ ስትገባ፣ ሊቆም እንደተቃረበ እንዝርት እየተወዛወዙ ይዞራሉ። ፍጥነታቸውን የሚወስን ቁጥር አለ፣ ጋይሮማግኔቲክ ሬሾ ይባላል። ማሽኑ ቁጥሩን ስለሚያውቅ በዚያው ፍጥነት በሬዲዮ ሞገድ ይነካካቸዋል። እነሱም መልስ ይሰጣሉ፣ ከመልሳቸው ሥዕል ይወጣል።»

ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ማግኔቱ ብረት ይስባል?»

«ይስባል እንጂ! ወንበር ሳይቀር ይጎትታል።»

እጁ ወደ ግራ ቅንድቡ ሄደ። እዚያ ላይ አሮጌ ጠባሳ አለው፤ ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ እንደሆነ ነበር የነገረን። ፈርቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

ክሊኒኩ ስንደርስ ቅጽ ሰጡን። «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ከሚለው ፊት ለፊት፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው «የለም» ብዬ ሞላሁ። ከበሩ ጀርባ ማሽኑ ዱም ዱም ይላል። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ቀበቶውን አስፈታችው፣ የአንገቱን መስቀል ተቀበለችው።

«ማግኔቱ ሰው ኖረም አልኖረም አይጠፋም» አለችን። ከዚያ በሩን ይዛ ቆመችና «አባባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት። ቆስለው ያውቃሉ? ጥይት፣ ፍንጣሪ?» አለችው።

አባቴ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«አለ» አላት፣ ቅንድቡን እየነካ። «የቦምብ ፍንጣሪ። አልወጣም።»

ልጅቷ በሩን ቶሎ ዘጋችው። «ማግኔቱ ወደ ዓይንዎ ቢስበው ኖሮ ይታወሩ ነበር» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ወታደር እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር።

«ዝም ብለህ ልትገባ ነበር?»

«ልገባ ነበር።»

«ለምን?»

«ብናገር የት እንደተመታሁ፣ ከማን ጋር እንደነበርኩ ትጠይቂያለሽ።»

«ከማን ጋር ነበርክ?»

«ከእናትሽ ወንድም ጋር።»

አጎቴ እኔ ሳልወለድ ሰሜን ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥቁር አልለበሰችለትም። የግቢው በር ሲንኳኳ ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች።

«ያው ቦምብ ነው» አለ አባቴ። «እኔን ፍንጣሪው አገኘኝ። እሱ እጄ ላይ አለፈ። መርዶ ልነግር ቀጨኔ እናትሽ ቤት መጣሁ። እናትሽ ወንድሟ የመጣ መስሏት እየሳቀች ከፈተችልኝ። አፌ ተያዘ። የሚከራይ ቤት ፈልጌ ነው አልኳት።»

ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራየ። በዓመቱ ተጋቡ።

በኤክስሬይ ብረቱ ታየ፣ ምስር ያክላል። በሲቲ ስካን ደግሞ ዕጢ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተባለ። አባቴ «ከመግባቴ በፊት እነግራታለሁ» አለኝ። ያን ሳምንት እናቴ ከፊቴ በሄደች በመጣች ቁጥር ዓይኗን ላለማየት ደብተር ማረም እጀምር ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ አጠገቡ አስቀመጣትና ነገራት። እናቴ አልጮኸችም።

«ዓይኑን ማን ከደነለት?» አለች።

«እኔ።»

ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፤ ጥቁር ለብሳ ወጣች። በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ጎረቤቱ ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት ለሞተ ሰው ሊያለቅስ መጣ። አባቴ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ አጠገቡ ያለው ወንበር ግን እስከ ማታ ባዶውን ዋለ።

ከቀዶ ሕክምናው ተርፏል። ግራ እጁ ግን ለሸማ አይሆንም። እናቴ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጠዋለች፣ ምግቡን ታቀርብለታለች፤ አታናግረውም። ወራት እንዲህ አለፉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች እዚያው ቆመች።

«ሲሞት ምን አለ?» ስትል ጠየቀችው።

እናቴ ሳህኑን መልሳ አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔ መስማት ፈራሁ። በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ።