ወደፊትን የሣልኩ ለታ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወጣት ላፕቶፗን እንዳቀፈች መጥታ ፊቴ ቆመች። የኪነ ጥበብ ተማሪ ናት። «መምህር፣ የወደፊት ጥናትን ከሥዕል ጋር አያይዘው ጎንደር ላይ ቀድመው የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለችና፣ አገራችን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን እንደምትመስል የሚሥሉ ወጣቶችን ያሠልጥኑልኝ ብላ ለመነችኝ። አይሆንም አልኳት። ምነው ብትለኝ ወገቤን ያመኛል አልኩ። ወገቤን በእርግጥም ያመኛል፤ ነገሩ ግን የወገብ አልነበረም። ልጅቱ ቅር እያላት ባጃጅ ይዛ ሄደች፤ እኔም የቀዘቀዘ ሻይ ይዤ ቀረሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበሩ ቀለም መበጥበጥ የለመድኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ግን የእሳቸውን ሥራ ንቄው ነበር። ያው ዓይን፣ ያው ክንፍ፣ ያው ወርቃማ ዳር። እኔ ማንም ያልሣለውን መሣል ፈለግኩ፤ የሚገርመው፣ ምን እንደሆነ አላውቀውም ነበር። አንድ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ ጎንደር አራዳ ውስጥ በተከራየው አዳራሽ ስምንት ወጣቶችን ሲሰበስብ ታዲያ ከሁሉ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ትምህርቱ ልቤን ወሰደው። ወደፊት አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው አለን። ነገሮች እንዲሁ ከቀጠሉ የሚመጣ አለ፤ ሰው ከሠራበት የሚመጣ አለ፤ በሁለቱ መካከልም አለ። የእናንተ ሥራ እነዚህን ሥላችሁ ለባለ ጉዳዩ ማሳየት ነው፤ ከዚያ ሰዎቹ ራሳቸው ይምከሩበት። አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስጠነቀቀን። «የትኛው ነው የሚሆነው ብለው ይጠይቋችኋል። አናውቅም በሏቸው። ጠንቋይ አይደላችሁም!» ሳቅን። እኔም ስቄ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ለሥራው የደረሰኝ ከዳባት በእግር አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ መንደር ነበር። ወሩ መስከረም ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ በየማሳው ዳር የባቄላ እሸት የሚቆርጥ ሰው ያጋጥማል። ያረፍኩት አያ ታረቀኝ ከሚባሉ ገበሬ ቤት ነበር። ሚስታቸው እትዬ አንጓች ናቸው፣ ልጃቸው ደብሬ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ቀጫጫ፣ ጥያቄ የማያልቅባት። በእነሱ ቤት ያን ሰሞን የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጓሯቸው ቦረቦር አለ፤ ጎርፍ የቆፈረው ገደል ነው። በየክረምቱ አፉን እያሰፋ ከቤቱ አርባ እርምጃ ላይ ደርሷል። የአያ ታረቀኝ ወንድም ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ያርሳል፤ ኑ እያለ ይልክባቸዋል። አያ ታረቀኝ ልባቸው ተከፍሏል። እትዬ አንጓች ግን «ቆላ ወባ ነው፤ ይችን ልጅ ይዤ የትም አልሄድ» ብለው ቆርጠዋል።

ስድስት ቀን ተቀመጥኩ። እሸት እየፈለፈልኩ፣ የገብስ ዳቦ በጠላ እያወራረድኩ ሣልኩ። ቦረቦሩ በድንጋይ ታስሮ፣ ሣርና ዛፍ በቅሎበት፣ ቤቱ በቦታው ያለበትን ሥዕል በግማሽ ቀን ለቀለቅኩት። የመካከለኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ግን አራት ቀን አጠፋሁ። ቀይ አፈሩ እንደ ቁስል ተሰንጥቆ፣ የቤቱ ግማሽ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የማታዋ ፀሐይ ከሥር እየመታችው። እስከዛሬ ከሣልኩት ሁሉ የተዋጣልኝ እሱ ነው፤ ይህን ስናገር ያሳፍረኛል።

ደብሬ ውሃ እያመላለሰችልኝ በየሥዕሉ ራሷን ትፈልግ ነበር። በሁለቱ ውስጥ አገኘች። በሦስተኛው ብትፈልግ ብትፈልግ የለችም።

«እኔሳ?» አለችኝ።

«እዚህ ላይ ሰው የለም። ሄዳችኋል።»

«ወዴት?»

እሱን አላሰብኩበትም ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጎረቤቱ ተሰበሰበና ሦስቱን ሥዕሎች ከግድግዳው ደገፍ አድርጌ አቆምኳቸው። የሁለቱን ማንም ልብ አላለም። ዓይን ሁሉ ሦስተኛው ላይ ተተከለ። አንዲት ባልቴት «እግዚኦ!» ብለው አማተቡ። አያ ታረቀኝ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብለው፣

«የቱ ነው የሚሆነው?» አሉኝ።

«አይታወቅም፣ አያ። እናንተው ትመክሩበታላችሁ።»

«እንዴት አይታወቅም? አባትህ በደብራችን የምጽአትን ቀን ሥለዋል። እንዲህም ሊሆን ይችላል፣ እንዲያም ሊሆን ይችላል ብለው ሦስት አልሣሉም። አንድ ነው የሣሉ። አንተም የሳቸው ልጅ ነህ፤ አትደብቀን።»

አሁን ሳስበው፣ ሰውየው ልክ ነበሩ። በእነሱ ዘንድ ሥዕል ያልተረጋገጠ ነገር አይነገርበትም። እኔ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ፤ ያደግኩበት ቤት ነው። ግን ያን ሰዓት የታየኝ ሌላ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሥራዬ ፊት አፉን ከፍቶ ቆሟል። የአባቴ ሥዕል እንጂ የእኔ ሰው አስደንግጦ አያውቅም። ደረቴ ተነፋ። እጄን አንሥቼ ወደ ሦስተኛው ጠቆምኩ።

«ይኸ ነው» አልኩ።

እትዬ አንጓች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አያ ታረቀኝ ሁለተኛ አልጠየቁኝም። በማግስቱ ስሰናበት አንድ ቁና ባቄላ ሰጡኝ፤ አመስግኜ ተቀበልኩ።

አራዳ ስመለስ ሦስተኛው ሥዕል አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ፣ ተጨበጨበልኝ። አሠልጣኙ ሰዎቹ ምን አሉ ቢለኝ፣ በጣም ተመሰጡ አልኩት። ኅዳር ላይ አያ ታረቀኝ በሬዎቻቸውን ሸጠው፣ ቤትና ማሳውን ለጎረቤት ልጅ ትተው ቆላ ወረዱ። ደብሬ በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞተች። የዳባት ሰው ነው የነገረኝ፣ ገበያ መሃል፣ እንደ ተራ ወሬ። በሁለተኛው ዓመት አያ ታረቀኝም ተከተሏት። ሥዕሉን ከአዳራሹ አውርጄ አቃጠልኩት። ማቃጠሉ ምንም አልቀየረም፤ እንዲያው እጄ ሥራ ፈለገ እንጂ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጨክኜ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ቤቱ አለ። ቦረቦሩን የአገሩ ሰው በድንጋይ አስሮት፣ ሣርና ባሕር ዛፍ በቅሎበት፣ ከዳሩ ባቄላ አብቧል። ያ የጎረቤት ልጅ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እዚያው ይኖራል። ግባ፣ ዳቦ ቅመስ አለኝ። በግማሽ ቀን ለቅልቄ የተውኩት ሥዕል ውስጥ መቆሜ ነበር። አልገባሁም፤ እያለቀስኩ እስከ አስፋልቱ ወረድኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ቆላው ሰላም ሲያጣ እትዬ አንጓች ጎንደር መጡ። ከአንዲት ዘመዳቸው ተጠግተው ገበያ ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። መጀመሪያ ያወቁኝ እሳቸው ናቸው። እጄን ይዘው ሳሙት፤ ያችኑ የጠቆምኩባትን እጅ። ስለ ደብሬ አላወሩኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያ ቦረቦር ቤታችንን በላው፣ አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። አልበላውም ብላቸው ልጃቸው በከንቱ ሞተች ማለቴ ነው። እውነቱን መስማት መብታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ፊታቸውን አየሁና አቃተኝ።

«በላው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አየህ! እንኳንም ወረድን። ብንቀር ሦስታችንንም በተኛንበት ይውጠን ነበር። አንተ ባትነግረን እኮ እኔ እንቢ ብዬ ነበር። ይባርክህ የኔ ሸጋ።»

እኚህ ናቸው የሚመርቁኝ። በየቅዳሜው ሄጄ የማልፈልገውን ነጭ ሽንኩርት እገዛለሁ፣ እሳቸው ይመርቁኛል፣ እኔ አሜን እላለሁ። ያቺ ተማሪ ይህን ብነግራት ምን ታደርገዋለች? ምናልባት ጥፋቱ የጥናቱ አይደለም ትለኛለች፣ እውነቷንም ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግን ልጆች ፊት ቆሞ ስለ መጪው ጊዜ ሊያስተምር አይገባውም።

እትዬ አንጓች ሐዘናቸው እንዳይቀሰቀስባቸው የአገራቸው ሰው ሲያልፍ ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ እስካሁን የተረፍኩት በዚህ ነው። ከዚያ መንደር ግን ወደ ጎንደር ገበያ የሚመጣ ብዙ ነው። አንድ ቅዳሜ አንዱ ያውቃቸውና፣ ቁጢጥ ብሎ ነጭ ሽንኩርት እየመረጠ፣ ቤታችሁ እኮ እንዳለ ነው፣ ባቄላውም ዘንድሮ ሸጋ ነው ይላቸዋል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገኝም። ያን ለታ ምን ብዬ ፊታቸው እንደምቆም ግን አላውቅም።