ባህር ሆኜ የተቀጠርኩበት ሰሞን

ዳላስ ከመጣሁ ወዲህ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አንጥፌያለሁ፣ ኤርፖርት የምግብ ትሪ ደርድሬያለሁ፣ የጀልባ ሸራ ሰፍቻለሁ። ይህን ለማንም ብናገር ይገባዋል። «ከዚያስ ምን ሠራሽ?» ሲሉኝ ግን «ባህር ሆኜ ተቀጥሬ ነበር» እላለሁ። ያኔ ሰው ወሬ ቀይሮ ስለ ልጆቹ ማውራት ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋይሊ ከተማ አጠገብ ላለው ሐይቅ ጀልባዎች ሽፋን በሚሰፋ ቤት ስሠራ ሰው ሁሉ «ካፒቴን» የሚለው አንድ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን አብራሪ የተቀደደ ሸራ ይዞ መጣ። ሰፍቼ ስመልስለት መነጽሩን አድርጎ አየው፣ ገልብጦ አየው፣ በመጨረሻ ስፌቱን በጥፍሩ ሊያላቅቅ ሞከረ። አልላቀቅ ሲለው ቀና ብሎ አየኝና ለእኔ ሌላ ሥራ እንዳለው ነገረኝ።

ሥራው ዓለምን በሸራ ጀልባ የሚዞሩበት ውድድር ነበር። በአንድ ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነዳል፤ እንደዚያ እየተፈራረቁ ወራት ይሄዳሉ። ሁለተኛዋ ሰው የገዛ ልጁ ነበረች። በዚያ ሰሞን ድርጅቶች በየቦታው እየዘጉ ስለነበር ካፒቴኑ ቤድፎርድ ውስጥ ትልቅ መጋዘን በርካሽ አግኝቷል፤ ጀልባዋም እዚያ ረጅም ተጎታች ላይ ተጋድማለች። ምሰሶዋ አልቆመም። ከሆዷ በታች የሚገጠመው ከባዱ ክንፍም ገና አልደረሰም። ባህር ራሱ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል።

ልጅቷ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ሸራ ባህር ላይ ቢቀደድ በእጅ እንዴት እንደሚሰፋ የማስተምራት እኔ ነበርኩ። መርፌውን የሚገፋውን የቆዳ መዳፍ አድርጋ እየወጋች፣ እኔ ደግሞ ጠማማውን እየፈታሁባት፣ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«አባቴ እኔ እየነዳሁ ተኝቶ አያውቅም። መኪና ውስጥ እንኳን ከጎኔ ተቀምጦ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።»

«አባት ነው» አልኳት።

«አባትማ ነው። ባህር ላይ ግን እኔ ተረኛ ስሆን ካልተኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ጀልባውንም እሱንም ብቻዬን ልሸከም ነው? ነግሬዋለሁ። እዚህ መጋዘን ውስጥ የምንጀምረው ልምምድ እስኪያልቅ፣ ችግር መጥቶ እኔ ስወጣው እሱ አንዴ እንኳን አልጋው ላይ ካልቆየ፣ አልሄድም።»

«ሌላ ሰው አያገኝም?»

«ጊዜ የለም። ጀልባዋ ትሸጣለች።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። በጥርስ አይበጠስም ብያት ነበር፤ ያን ቀን ግን አላረምኳትም። የሸራዎቹን ማዕዘኖች ሁሉ በእጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ተጠቅልለው ተሸጡ መባልን ጆሮዬ አልወደደውም።

ልምምዱ የካፒቴኑ ሐሳብ ነው። ሁለቱም መጋዘን ውስጥ ጀልባዋ ላይ ይኖራሉ፤ በተራ ይተኛሉ፣ በተራ ይጠብቃሉ። ችግሩን ከውጭ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። እኔን መረጠኝ።

«ባህር አይለፈልፍም» አለኝ። «ከአንቺ የባሰ ዝምተኛ አላውቅም።»

እኔ ባህር አይቼ አላውቅም። የማውቀው በበትር ተመትቶ የተከፈለውን ብቻ ነው። ግን ትምህርት ቤት የገባሁት ከሰው ሁሉ ዘግይቼ ስለሆነ ሳላነብ የምጀምረው ነገር የለም። ከላይብረሪ ሦስት ወፍራም መጽሐፍ ተዋስኩና ባህር በሰው ላይ የሚሠራውን ግፍ ሁሉ አጠናሁ። ፈተና ቢሰጡኝ አልፍ ነበር።

ማዕበል ግን ብቻዬን ማስነሣት አልችልም። በአጠገባችን ባለው መጋዘን በሁለት ሹካው ዕቃ የሚያነሣውን ፎርክሊፍት የሚነዱ፣ ቸርች የማውቃቸው አንድ ጋሼ ነበሩ። አለቃቸውን ካፒቴኑ አስቀድሞ አስፈቅዶታል። እሳቸውን የማስረዳቱ ዕዳ ወደ እኔ መጣ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ። «እኔ በፎርክሊፍት ጀልባ ላናውጥ?»

«የተጎታቹን አፍንጫ ብቻ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፣ ጋሼ።»

«ሰዎቹ ውስጥ ሆነው?»

«ውስጥ ሆነው።»

«ጤነኞች ናቸው?»

«ጤነኞች ናቸው። ዓለምን ሊዞሩ ነው።»

ወደ ሰማይ አመለከቱ፤ አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ነበር። «ኤርፖርቱ እዚህ አፍንጫችን ሥር! ትኬት መቁረጥ አቃታቸው?» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «እስከ ዛሬ የሚከፍሉኝ ዕቃ እንዳይነቃነቅ ነው። ነቅንቅ ያለኝ ሰው የለም። ኦኬ፣ በምሳ ብሬኬ እመጣለሁ።»

ልምምዱ ተጀመረ። ካፒቴኑ ጠዋት ጠዋት ወደ እኔ ይወርድና በሹክሹክታ ያዝዘኛል፦ ከምሳ በፊት ውሃ፣ በምሳ ሰዓት ሞገድ፣ ከዚያ የመሪው ገመድ ይፈታ። ሁሉም ልጁ ተረኛ በሆነችበት ሰዓት ነው። እኔ የተባልኩትን ዝንፍ አላደርግም። የውሃውን ጎማ ይዤ በሰዓቴ እቆማለሁ። ግን ቧንቧውን ሳልከፍተው ካፒቴኑ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ከታች ብቅ ይላል። ሞገዱ ሳይመጣ እጀታ ጨብጧል። ገመዱ ሳይፈታ ገመዱ ጋ ቆሟል። ልጁ እጇን አጣምራ ታየዋለች።

«ለምን ተነሣህ?» ትለዋለች።

«አንድ ነገር ሸተተኝ።»

እንዲህ ሲል ሦስት ቀን ሄደ። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ሻንጣዬን ልሸክፍ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ለመሳቅ ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም።

ማታ ቤት ልገባ ስል ለጋሼ ነገርኳቸው። መሪያቸውን ይዘው ሳቁብኝ።

«ታዲያ ማዕበሉን እያዘዘ ያለው እሱ ራሱ አይደል? ሰው ያዘዘውን ምግብ ሳይበላ ይተኛል? ሶ፣ አንቺ ምን ዓይነት ባህር ነሽ? በቀጠሮ የምትነሺ!»

አፈርኩ። ሦስት ወፍራም መጽሐፍ አንብቤ ይህ አልታየኝም።

በማግስቱ ካፒቴኑ መጥቶ አዘዘ። «እሺ» አልኩት፤ አንገቴንም በደንብ ነቀነቅሁለት። በእኛ ሰው ዘንድ እሺ ባይነት ጨዋነት እንጂ ውል እንዳልሆነ የሚነግረው አልነበረም።

በውሃው ሰዓት ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። የቴክሳስ ሐምሌ ነው፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ካፒቴኑ ካፖርቱ ውስጥ እንደ ድንች ተቀቀለ። በዓይኑ ጠየቀኝ። ገጽ ገለጥኩ።

«ምን ሸተተህ?» አለችው ልጁ።

«ምንም!» ብሎ ወረደ።

በምሳ ሰዓት ሞገዱን ጠበቀ። ጋሼ በፎርክሊፍታቸው በሩ ላይ ደረሱ፣ ጡሩምባ ነፍተው በእጃቸው ሰላምታ ሰጡት፣ ሳንድዊቻቸውን እየበሉ አለፉ። መሪው ጋ ሄዶ ገመዱን ነካካው፤ ገመዱ እንደታሰረ ነው። የራሱን ተራ ጠብቆ፣ የልጁንም ተራ ጠብቆ፣ ዓይኑ ሥር ጠቆረ።

«የነገርኩሽን ረሳሽ?» አለኝ በማግስቱ።

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

«ባህሩ ፀጥ ብሏል።»

ያባርረኛል ብዬ ነበር። ካፖርቱን አንሥቶ ወደ ጀልባዋ ተመለሰ። ያን ቀንም ቆሞ ዋለ።

የልምምዱ የመጨረሻ ቀን ከምሳ በፊት፣ ልጁ ተረኛ ሆና፣ ከታች ማንኮራፋት ሰማሁ። ወፍራም ሸራ ሲቀደድ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ጀልባዋን ዞሬ፣ ጆሮዬን ጎኗ ላይ ለጠፍኩ። እውነተኛ ነው። ወጥቼ በመጋዘናቸው በር ላይ ለነበሩት ጋሼ በእጄ ምልክት ሰጠሁ።

«አሁን?»

«አሁን።»

«አባት ሆይ፣ ይቅር በለን» ብለው ሞተራቸውን አስነሡ።

ያነበብኩትን ግፍ ሁሉ ያን ጊዜ አወረድኩት። ውሃውን በሙሉ ጉልበቱ ለቀቅሁ። የመሪውን ገመድ ፈታሁ። አሮጌ የመለማመጃ ሸራ በመቀስ ሸርክቼ ወረወርኩላት። የጀልባዋ አፍንጫ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ልጅቷ በእምብርክኳ ሄዳ ገመዱን ያዘችው፣ አሰረችው፣ ፓምፑን አስነሣች፣ ከዚያ ሸራውን በጉልበቷ ረግጣ ዓይኗን ውሃ እየመታት መስፋት ጀመረች።

«ጋሼ፣ ቀስ!»

«ተይኝ፣ ገና መሞቄ ነው!»

አፍንጫው ከልክ በላይ ከፍ አለ። ከታች አንድ ድስት ተንከባልሎ ከግድግዳው ተላተመ። ማንኮራፋቱ ቆመ።

ሁላችንም ደረቅን። ጋሼ የፎርክሊፍቱን ሹካ አየር ላይ እንዳንጠለጠሉት፣ እኔ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቴ እንደደፈንኩ፣ ልጅቷ መርፌዋን እንደያዘች፣ ሁላችንም የመውጫውን ቀዳዳ እናያለን። ብቅ ካለ አበቃ።

ብቅ አላለም። ድምፁ ብቻ መጣ።

«ምንድነው?»

«ማዕበል» አለች።

ከታች ካፖርቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ጋሼ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየጸለዩ ይሁን እየተራገሙ አልለየሁም።

«ያዝሽው?»

«ይዤዋለሁ፣ አባዬ።»

ከዚያ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ ሰማን፤ ወለሉ ወደ መውጫው ሲንቋቋ፣ መልሶ ሲንቋቋ። ረጅም ነበር። በመጨረሻ አንድ ቡትስ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላኛው። አልጋው ሲጢጥ አለ።

«ተራዬ ሲደርስ ቀስቅሺኝ» አለ።

ጋሼ ሹካቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። እኔም ቧንቧውን ልዘጋ ጎንበስ አልኩ። ልጅቷ ከላይ አየችን። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ የሚወርደው የእኔ ውሃ ይሁን የራሷ አይታወቅም።

«ምን ያስቆማችኋል?» አለች። «ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

ጣቴን ከጎማው አፍ ላይ አነሣሁ።