ሀሊሜና ያለ አግባብ የተወሰደባት ሲሶ

በአሰላ ዙሪያ ሀሊሜን የማያውቅ ገበሬ ካለ ገና ትናንት የመጣ ነው። ረጅም፣ ቀጠን ያለች ሴት ነበረች። ሌላ ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ እሷ ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል። መፍራት እንግዲህ ያኔ ነው።

ባሏ ሁሴኖ ሲሞትባት ልጆቿን ይዛ የአቶ አሰግድን መሬት በጭሰኝነት ብቻዋን ታርስ ነበር። አቶ አሰግድ አሰላ ከተማ ተቀምጠው ጭሰኛ የሚያሳርሱ ባለርስት ናቸው። ገጠሩን የሚያይላቸው ወኪላቸው መርሻ ነው። ያይላቸዋል ስል እንግዲህ፣ መርሻ ዓመቱን ሙሉ ማሳ ረግጦ አያውቅም፤ ጭቃ አይወድም። እሱ የሚያውቀው አውድማ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ አህዮቹን እየነዳ ከች ይላል፣ ሲሶውን ያሰፍራል፣ በላዩ ላይ ቅቤና ዶሮ ይጠይቃል። አልፎ ተርፎም «የጌታዬን አጥር የሚያጥር ሰው ላኪ» ይላታል። ባል የሞተባት ሴት ማንን ትላክ? ራሷ ሄዳ ታጥር ነበር እንጂ!

በመጨረሻ መረራት። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ አዝመራው ገብቶ ሲያበቃ፣ ሽማግሌ ይዛ አቶ አሰግድ ዘንድ ሄደችና «መሬትዎን ይረከቡኝ» አለቻቸው። እሳቸውም «እሺ፣ ተሰናብተሻል» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አለቀ። ከወንዙ ማዶ የባሏ ወንድም ከዲሮ የራሱ መሬት ነበረው፤ ከዚያ ቆርሶ ሰጣትና ማረስ ጀመረች። መርሻ ያን ሰሞን ለጌታው ጉዳይ ሮቤ ነበር። ሲመለስ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

መሬቷ ይለወጥ እንጂ አውድማው ያው ነው። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለ ገበሬ የሚወቃው አንዱ ደረቅ ሜዳ ላይ ነው፤ ሌላው ቦታ ውኃ ያቁራል። በዓመቱ ታኅሣሥ የሀሊሜ ገብስ እዚያው ተወቅቶ ተከምሮ ሳለ መርሻ ደረሰ። እሷ ሁሩታ ለቅሶ ሄዳለች። መርሻ ዳለቻ በሬዋን አየ፤ በሬው የሀሊሜ ከሆነ ገብሱም የጌታዬ ነው ብሎ ደመደመ። ልጇ ዙቤዳ «ኧረ ይሄ ከአጎቴ መሬት የመጣ ነው!» ብትለው፣ «ዞር በይ ከዚህ!» ብሎ ሲሶውን ሰፍሮ፣ ጭኖ፣ ሄደ።

ሀሊሜ ከለቅሶ ተመልሳ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ገብሱ ለዘር ያሰበችው ነበር፤ እሱ ራሱ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። ሲሶ የሚከፍል ጭሰኛ ነው። ዘንድሮ ዝም ካለች የአቶ አሰግድ ጭሰኛ ነች ማለት ነው፤ ከርሞ ደግሞ አጥር እጠሪ ይመጣል።

«ተይው» አላት ከዲሮ። «ከጌታ ጋር ምን ያናክስሻል? ይልቅ ቅቤ ይዘሽ ደጅ ጥኚ፤ ያዝኑልሽ ይሆናል።»

«ለገዛ ገብሴ ነው ደጅ የምጠናው? ወላሂ አላደርገውም!»

ባዶ እጇን አሰላ ወረደች። ጊዜው መሬት ፈላጊ የሚሰበሰብበት ነውና የአቶ አሰግድ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ዘበኛው ፍሰሐ ከላይ እስከ ታች አያትና «እጅ መንሻሽ የታለ?» አለ።

«እጄ ይኸው» አለችና አልፋው ገባች።

አቶ አሰግድ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ መርሻ አጠገባቸው ቆሟል። ፊታቸው ደግሞ ቶላ የሚባል ጎልማሳ፣ ያንኑ እሷ ከለቀቀችው ወዲህ ጦሙን ያደረውን መሬት ሊዋዋል ሽማግሌዎቹን ይዞ ቆሟል። ሀሊሜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ተናገረች። አቶ አሰግድ ወደ መርሻ ዞሩ፤ መርሻ መሬት መሬት አየ።

«ተሳስቷል» አሉ እየሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መሳቅ ይወዱ ነበር። «በይ፣ ልጆችም አሉሽ። ከጎተራዬ ይሰፈርላት፤ ጨምሩላትም። ጉልበቴን ሳሚና ሂጂ።»

ግቢው «እሰይ!» አለ። ሀሊሜ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ስጦታ አልለመንኩም፣ ጌታዬ። ጭማሪም አልፈልግም። መርሻ ሰው ሁሉ እያየ ከአውድማ ነው የወሰደው። ሰው ሁሉ እያየ አውድማ ላይ ይመልስልኝ።»

«አንቺ ሴት! ተሰጠሽ እኮ፤ ምን ቀረሽ?»

«የእርስዎ ጭሰኛ አለመሆኔ ቀረ። እሱን አገር ይወቅልኝ። እስኪያውቅልኝ ከዚህ አልነሣም።» ብላ በረንዳው ሥር ዘርፈጥ አለች።

አቶ አሰግድ ሳቃቸው ጠፋ። «አውጧት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቶላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እኔስ ነገ መሬቱን ብለቅ፣ ሲሶው ይከተለኛል?»

የቶላ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩና አንዱ ዱላውን አነሣ፤ መሄዱ ነው። ሌሎቹም መሬት ፈላጊዎች ወደ በሩ መመልከት ጀመሩ። አቶ አሰግድ ሰዎቹን አዩ፣ ሀሊሜን አዩ፣ ከዚያ መርሻ ላይ ጮኹ፦ «ምን ይገትርሃል? አህያ ጫን!»

በማግስቱ መርሻ ገብሱን ጭኖ መጣ። ቤቷ በር ላይ ሊያራግፍ ሲል ሀሊሜ አህያዋን ይዛ ከፊቱ ቀደመች። «አውድማ ነው የተባልከው።» ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው ለካ ወሬው ቀድሞት ተሰብስቧል፤ አብዛኛው የአቶ አሰግድ ጭሰኛ ነው። መርሻ በሰው መሃል ስልቻውን እየፈታ ገብሱን አፈሰሰ፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ሀሊሜ ጮክ ብላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ፣ «የማን ገብስ ነው?» አለችው።

«ያንቺ።»

«ከማን መሬት የመጣ?»

«ከከዲሮ። በቃሽ? ተቃለልን?» ባዶ ስልቻውን አህያው ላይ ወርውሮ ሊሄድ ሲል ከሰው መሃል አንዲት አሮጊት ወጡ። ራቢያ ይባላሉ፤ ከዚህ በፊት ሰው ፊት ሲናገሩ የሰማቸው የለም።

«መርሻ» አሉ። «ልጄ ጅብሪል የጌታህን መሬት ለቆ ከሄደ በኋላ፣ ከጓሮዬ ተልባ በሱ ስም ሲሶ ወስደሃል። እኔስ?»

መርሻ አሮጊቷን ትቶ ሀሊሜን አየ፤ ገብሷን ሰብስባ እንድትሄድለት የለመናት መሰለ። እሷም ልትጭን አህያዋን ይዛ ነበር። አህያውን ለቀቀችው። ሄዳ ራቢያ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተቀመጥ መርሻ» አለችው። «ገና ነን።»