«ንገራት እንጂ!»

እሁድ ከሰዓት ካዛንቺስ ሲኒማ ቤት ገብተናል። ያኔ የአማርኛ ፊልም እንደ ጉድ የሚወጣበት፣ የትኬት ሰልፉ አስፋልት ድረስ የሚዘልቅበት ጊዜ ነው... ወንበር ያላገኘው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል።

አብሮኝ ያለው ዳንኤል ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ሥርዓት ያለው ልጅ። ግን በቃ... ዝምታው! ስንት ወር ሙሉ ማኪያቶ ስንጠጣ ስለ አየሩ ጠባይ ብቻ ነው ያወራኝ። እኔ ደግሞ ወድጄዋለሁ።

ችግሩ፣ ሌላ ሰው ቤታችን ሽማግሌ ሊልክ ነው ተብሎ እናቴ መልሴን እየጠበቀች ነው። ይህንን ለዳንኤል ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጥሩ ነው።» ጥሩ ነው! ዛሬ ካልተናገረ ለእናቴ እሺ ልላት ቆርጫለሁ።

ፊልሙ ተጀመረ። ማለቴ... ሰዉም አብሮ ጀመረ። አንዱ ቀድሞ ያየው ነው መሰለኝ «አሁን በሩ ይንኳኳል... ይኸው!» ይላል። ሕፃን ያለቅሳል፣ የፈንዲሻ ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። እኔ እንዲህ ካልሆነ ፊልም ያየሁ አይመስለኝም።

የፊልሙ ወጣት ለካ የዳንኤል ቢጤ ነው። የሚወዳት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ልትሄድ ነው፣ እሱ ቆሞ ያያታል። አዳራሹ ተንጫጫ።

«ንገራት እንጂ!»

«አፍህ ተለጎመ እንዴ?»

ከኋላችን የተቀመጡ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ሴትዮ «ወይኔ ልጄን፣ ልታመልጠው ነው!» እያሉ የወንበሬን ጀርባ ይደበድባሉ።

ዳንኤል ወደ እኔ ዞረ። ላብ አጥምቆታል። በዚያ ጫጫታ መሀል እንድሰማው ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

«እወድሻለሁ! ያንን ሰውዬ እንዳታገቢው!»

ለካ የፊልሙ ልጅ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሏል። አዳራሹ በሙሉ የሰማው የዳንኤልን ነው።

ከፊት ያሉት ሁሉ ዞሩ። ፊልሙን የሚያይ ጠፋ። ሴትዮዋ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

ሳቄም እንባዬም መጣ። «እሺ በሉልኝ» አልኳቸው።

«እሺ ብላለች!» ብለው ብድግ አሉ። እልልታው ቀለጠ። «በል አንተም ቶሎ ሽማግሌ ላክ!» አሉት።

ላከ፣ ተጋባን። ዛሬም ሲኒማ በገባን ቁጥር ባሌ «ይሄ ሕዝብ ምናለ ዝም ብሎ ቢያይ?» እያለ ያማርራል።

ሕዝቡ ዝም ብሎ ቢያይ ኖሮ... አንተን ማን ያስተነፍስህ ነበር፣ የኔ ጌታ!