ስድስተኛው ዲስክ ሲደለደል

ያኔ ንፋስ መውጫ፣ ስሙን ብጠራው የሚያኮርፍ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ስል ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራ፣ በተረፈኝ ጊዜ የኃላፊያችን ስልክ ላይ መዝሙር የምጭን ማለቴ ነው። በኋላ ግን ከበላይ አካል አንድ ሰርቨር ተላከልንና እውነተኛ ሥራ አገኘሁ። ሰርቨሩ ስድስት ዲስኮች የተደረደሩበት ጥቁር ሣጥን ነበር። አምስቱ መረጃውን እየተጋገዙ ይይዛሉ። ስድስተኛው ተጠባባቂ ነው፤ ባዶውን ይቀመጥና ከአምስቱ አንዱ ሲሞት ቦታውን ተክቶ የሟቹን ድርሻ ከተረፉት ላይ መልሶ ይጽፋል። ተጠባባቂ ሳይኖር ሁለተኛ ዲስክ ከሞተ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ሰርቨሩን የምትሞላው አንዲት የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። የየቀበሌውን ገበሬ ማሳ ከነስፋቱ፣ ከነአዋሳኙ፣ ጋቢ ደርባ ከጠዋት እስከ ማታ ትጽፋለች። ገና ጡት ያስጣለቻትን ሴት ልጇን ደብረ ታቦር እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። የመጨረሻው ቀበሌ እንዳለቀ ወደዚያው ትዛወሪያለሽ ብሎ ኃላፊው ቃል ገብቶላታል። አንድ ቀበሌ ባለቀ ቁጥር ፊቷ ሲበራ አይ ነበር።

ኃላፊውን ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ። ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበር፤ ገበሬው፣ ተማሪው፣ የግቢው ዘበኛ ሳይቀር። በአንድ የግምገማ ቀን የሰርቨሩን አሠራር አስረዳ ተባልኩና አስረዳሁ። ስድስተኛው ዲስክ ሥራ ፈትቶ መቀመጡን ሲሰማ የኃላፊው ፊት ተለወጠ። የገበሬ ልጅ ነው እኮ! አባቱ በክረምት ልጆቹ እየራባቸው እንኳ ለዘር ካስቀመጠው ገብስ እፍኝ አያነሣም ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ፣

«አምስቱ እየለፉ አንዱ የሚቀመጥበት አደረጃጀት የለንም» አለ። «የአንድ ለአምስቱ መሪ እሱ ነው። መሪ ደግሞ አርአያ ይሆናል።»

የሚስቅ ሰው ባገኝ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ማስታወሻ እየያዘ ነበር። የዲስኩ ሥራ መጠባበቅ ነው ብዬ ብከራከር፣ የአመለካከት ችግር አለበት ተብሎ ነጥቤ ተቀነሰ። ስድስተኛውን ከፋፍለህ ለየክፍሉ አድል ተብዬም ታዘዝኩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የለየለት የመሬት ድልድል ሆነ። አንዱ የክፍል ኃላፊ ሠራተኞቹን እንደ ቤተሰብ ቆጥሮ ተጨማሪ ይገባኛል አለ። ሌላው ጠፍ መሬት ደረሰኝ ብሎ አኮረፈ፤ ዲስኩ ክብ ይሁን ረዥም አይቶት አያውቅም። አንዷ ደግሞ ድርሻዋ ከጎረቤቷ በምን እንደሚዋሰን እንዳሳያት ለመነችኝ። ትልቁ እርሻ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ወጣለትና የስብሰባ ቪዲዮ ዘራበት።

ክረምት ገባ። መብራት ሄድ መጣ ሲል ከአምስቱ አንዱ ዲስክ ሞተና ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ። ሴትዮዋ የመጨረሻውን ቀበሌ ይዛ ነበር። ወደ ኃላፊው ሮጬ ስድስተኛው ዛሬውኑ ይለቀቅ አልኩት። ባለይዞታ ያለ ምክክር አይነሣም፣ ኮሚቴ ይቋቋማል አለኝ። መረጃውን የምገለብጥበት ሌላ ዲስክ ግዙልኝ ብል የበጀት ዓመቱ አልቋል፣ ግዢ ተዘግቷል ተባልኩ። የክፍል ኃላፊዎቹን አንድ በአንድ ለመንኳቸው። ሁሉም መጀመሪያ ጎረቤቴ ይልቀቅ አሉ።

ኮሚቴው ሰብሳቢ ሊመርጥ በተቀመጠበት ጠዋት ሁለተኛው ዲስክ ሞተ። የስንት ገበሬ ማሳ ከነአዋሳኙ ጠፋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ስድስተኛው በዚያው ዕለት ከሰዓት በሙሉ ድምፅ እንዲለቀቅ ተወሰነ። በላዩ ላይ የነበረው ሁሉ ግን ደኅና ነበር። በዚያ የግምገማ ቀን የተቀረጸውን ቪዲዮ ከፍቼ አየሁት፤ ኃላፊው ጣቱን ቀስሮ «መሪ አርአያ ይሆናል» ሲል ጥርት ብሎ ይሰማል። ለበላይ በተላከው ሪፖርት ላይም በስድስተኛው ዲስክ የነበረው መረጃ ሙሉ በሙሉ ተርፏል ተባለ። ውሸት አይደለም። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ውሸት አለመሆኑ ነው።

ሴትዮዋ ቢሮ ተጠርታ ኮንትራቷ መራዘሙ እንደ ስጦታ ተነገራት። ከመጀመሪያው ቀበሌ ትጀምራለች። ዝውውሩስ ብትል፣ የመጨረሻው ቀበሌ እንዳለቀ ተባለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምለው ቢጠፋኝ ስለ ተጠባባቂው አወራሁላት፤ ቢተዉት ኖሮ ማንም ሳያውቅ የሟቹን ቦታ ይዞ ሥራው እንደሚቀጥል ነገርኳት። ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች።

«የእኔዋ ተጠባባቂስ ቦታዬን ይዛለች» አለች።

«ማን?»

«እናቴ። ትናንት ደውዬ ልጄን አገናኘችኝ። ልጅቷ ትንሽ ሰማችኝና፣ ‹እማ፣ አንዲት ሴትዮ ናት› ብላ ስልኩን መለሰችላት።»